እማዬ፣ ሄድፎኑና ሪሲቨሩ

የታች ቤቱ ጋሼ በሩን ሲያንኳኩ ለምን እንደመጡ ገብቶኛል። እሳቸው ግን በቀጥታ መናገር አፍረው «እንዴት አመሻችሁ? ሰላም ናችሁ? እናት ደህና ናቸው?» እያሉ ቆዩ። ከሚሉት የሰማሁት ግማሹን ነው። ከኋላዬ የማታው የ2 ሰዓት ዜና ኮሪደሩን ሞልቶ ወደ ደረጃው እየወረደ ነበር።

«እኔማ የራሴን ቴሌቪዥን መክፈት ትቻለሁ» አሉ በመጨረሻ። «ዜናውን ከናንተ ነው የምከታተለው።»

ሳቁ። እኔም ሳቅሁ። በሩን ዘግቼ ስመለስ ግን ፊቴ ይፋጅ ነበር። የኮንዶሚኒየም ኑሮ እንዲህ ነው። ሦስተኛ ፎቅ ላይ ቡና ሲወቀጥ ሁለተኛ ፎቅ ጣሪያው ይወቀጣል።

እማዬ 74 ዓመቷ ነው። ጆሮዋ ደከመ ስንላት አትቀበልም። «እሰማለሁ እኮ! የሚሉት ነው የማይገባኝ። የዘንድሮ ጋዜጠኛ ያጉተመትማል» ትላለች። መጀመሪያ ሰበብ መስሎኝ ነበር። ለካ እውነቷን ነው። በዕድሜ የሚመጣ የጆሮ ድካም ሁሉንም ድምፅ እኩል አይቀንስም። ቀድመው የሚጠፉት ቀጫጭኖቹ ናቸው፤ እንደ ስ፣ ሽ፣ ፍ ያሉት። ወፍራሙ ድምፅ ይቀራል። ስለዚህ ሰው ሲናገር ይሰማታል፣ ቃሉ ግን ጫፍ ጫፉ ተበልቶ ነው የሚደርሳት። በዚያ ላይ ሳሎናችን ባዶ ግድግዳ ነው፣ ድምፁ ይነጥራል። ቮሊዩም ሲጨመር ማስተጋባቱም አብሮ ይጨምራል። እሷ ትጨምራለች፣ አሁንም አይገባትም፣ ደግማ ትጨምራለች።

አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ያለው ወንድሜ ይህን ሲሰማ በሚመጣ ሰው እጅ ሄድፎን ላከ። ጆሮን ሙሉ በሙሉ የሚሸፍን፣ ለስላሳ ትራስ ያለው፣ ደህና ነገር ነው። «ብሉቱዝ ነው። ከቲቪ ሳጥኑ ጋር ፔር አድርጊው፣ አስተዋውቂያቸው ማለቴ ነው፣ ሁለት ደቂቃ አይፈጅም» አለኝ።

ሁለቱ ደቂቃ ሦስት ቅዳሜ ፈጀብኝ።

የመጀመሪያው ቅዳሜ በቪዲዮ ስልክ ነው ያለፈው። እሱ እዚያ ሆኖ «ሴቲንግ ግቢ፤ ‘ሪሞትና ተጨማሪ ዕቃዎች’ የሚል አለ፤ እሱን ንኪ» ይላል። እኔ የሪሲቨሩን ሜኑ ከላይ እስከ ታች እወጣለሁ፣ እወርዳለሁ። የቻናል አደራደር አለ። የዲሽ አቅጣጫ አለ። የልጆች ቁልፍ አለ። ሰዓት አለ፣ እሱም ተሳስቷል። ብሉቱዝ የሚል ነገር የለም። ወንድሜ ደግሞ ያልገባኝ መስሎት ቀስ እያለ፣ በልጅ አንደበት ማስረዳት ጀመረ። ይህ ነው ይበልጥ ያናደደኝ።

ነገሩ ወዲህ ነው። እሱ ቤት ያለው በአንድሮይድ የሚሠራ የኢንተርኔት ሳጥን ነው። እንዲህ ያሉት ሳጥኖች ውስጣቸው ስልክ ማለት ናቸው። ብዙ ጊዜ ሪሞታቸው ራሱ በብሉቱዝ ነው የሚሠራው። ስለዚህ ሄድፎን መጨመር ለነሱ ምንም አይደለም፤ ሴቲንግ ውስጥ ገብቶ «አዲስ ዕቃ ጨምር» ማለት፣ ሄድፎኑን ፔር ላይ ማድረግ፣ ስሙ ሲመጣ መንካት፣ አለቀ። እኛ ቤት ያለው ግን የዲሽ ሪሲቨር ነው። ሥራው ከ57 ዲግሪ ምሥራቅ፣ ኢትዮሳት ካለበት ሳተላይት፣ የመጣውን ሲግናል ተቀብሎ ምስልና ድምፅ ማድረግ ነው። ሪሞቱም ፊት ለፊት ካላነጣጠሩት የማይሰማ ተራ የኢንፍራሬድ ሪሞት ነው። ውስጡ የብሉቱዝ ቺፕ የለም። የሌለውን ነገር ሜኑ ውስጥ ስፈልግ ነበር ያመሸሁት።

ቴሌቪዥኑስ? አትሉም? እሱም ጠፍጣፋ ከመሆኑ በቀር ሌላ ዘመናዊነት የለውም። የናንተ ስማርት ከሆነ ግን መጀመሪያ እዚያ እዩ። የድምፅ ማውጫው ሴቲንግ ውስጥ ብሉቱዝ ካለ ሪሲቨሩን መነካካት አያስፈልጋችሁም። ከዚህ በታች የምጽፈውንም ማንበብ አይጠበቅባችሁም።

ሪሲቨሩ ፊት ለፊት የዩኤስቢ ቀዳዳ አለው። ለኮምፒውተር የገዛኋት የጥፍር ያህል የብሉቱዝ ዶንግል መሳቢያ ውስጥ ነበረች። ሰካኋት። ምንም። እማዬ ሶፋ ላይ ሆና «ገባለት?» ትለኛለች። ዩኤስቢው ከፍላሽ ፊልም ለማየት፣ ለመቅዳትና ሶፍትዌር ለማደስ የተሠራ ነው። ዶንግሏ ደግሞ ድራይቨር፣ ማለትም እሷን የሚያስተዋውቅ ሶፍትዌር፣ ትፈልጋለች። ሪሲቨሩ ምን እንደሆነች አያውቃትም። ዩኤስቢ ሁሉ ዩኤስቢ አይደለም ማለት ነው። (ይህችን ቀዳዳ ግን አትርሷት፤ ኋላ ለሌላ ጉዳይ ትመጣለች።)

በሁለተኛው ቅዳሜ መገናኛ ሄድኩ፣ ሞባይልና ቻርጀር ከሚሸጥባቸው ሕንፃዎች አንዱ ውስጥ። «ለቲቪ የሚሆን ብሉቱዝ አለ?» አልኩት ልጁን። «አለ እህቴ» ብሎ አንዲት ትንሽ ጥቁር ነገር ከመስታወቱ ሥር አወጣ። ጫፏ ላይ የኢርፎን ጃክ አላት። «ሁሉም ላይ ትሠራለች» አለኝ። ሁሉም ላይ የሚሠራ ነገር ሲባል መጠርጠር ነበረብኝ።

ቤት መጥቼ ሰካኋት፣ መብራቷ ሰማያዊ ብልጭ ድርግም ይላል። የሄድፎኑንም ቁልፍ ተጭኜ ያዝኩ፣ እሱም ብልጭ ድርግም ይላል። ጎን ለጎን አስቀመጥኳቸው። አምስት ደቂቃ ተጠባበቁ። አሥር ደቂቃ። እኔም አብሬ ተጠባበቅሁ።

ለካ ያቺ የመኪና ናት። ስልክ ላይ ያለ ዘፈን በመኪናው ስፒከር እንዲሰማ የምትሰካዋ። ድምፅ ትቀበላለች እንጂ አትልክም። ሄድፎኑም ተቀባይ ነው። ሁለት የሴት ወገን ቤተሰቦች ቤታቸውን አጥበው፣ ጠላ ጠምቀው «ሽማግሌ ዛሬ ይመጣል» እያሉ ሲጠባበቁ አስቡ። የሚልክ ወገን የለም። የኔ ሁለት ዕቃዎችም እንደዚያ እያንዳንዳቸው ሌላው እስኪጠይቃቸው ተኮፍሰው ቀሩ።

ስለዚህ ስትገዙ የምትጠይቁት «ብሉቱዝ አለ?» ብላችሁ አይደለም። «ላኪ ነው ወይስ ተቀባይ?» በሉ። ነጋዴው ካላወቀ ዕቃው ላይ እዩ። ቲኤክስ ማለት ላኪ ነው፣ አርኤክስ ማለት ተቀባይ። ሁለቱንም የሚያደርግና ጎኑ ላይ መቀያየሪያ ያለው አለ። እኔ በሦስተኛው ቅዳሜ ያገኘሁት እሱን ነው፣ 1400 ብር። የመጀመሪያዋን አልመለሱልኝም። የእህቴ ባል መኪና ላይ ገብታ እየሠራች ነው።

አሁን ወደ ሪሲቨሩ ጀርባ እንዙር። አቧራውን ካራገፋችሁ በኋላ የዲሹ ኬብል የሚጠመዘዝበት ቀዳዳ ታያላችሁ። ወደ ቴሌቪዥኑ የሚሄደው ኤችዲኤምአይ አለ። አጠገቡ ደግሞ ማንም የማይነካቸው ሦስት ክብ ቀዳዳዎች አሉ፤ ቢጫ፣ ነጭና ቀይ። ቢጫው ምስል ነው፣ እንርሳው። ነጭና ቀዩ የግራና የቀኝ ድምፅ ናቸው። በድሮዎቹ ከርሳም ቴሌቪዥኖች ጊዜ ሁሉም ነገር የሚያልፈው በነሱ ነበር። ኤችዲኤምአይ ሲመጣ ሥራ ፈቱ። ግን አልሞቱም። ኤችዲኤምአዩ ሥራው ላይ እያለ እነሱም ድምፅ ማውጣታቸውን አላቆሙም።

የኔ መፍትሔ እዚህ ነበር። በአንድ በኩል ነጭና ቀይ፣ በሌላው በኩል የኢርፎን ጃክ ያለው አጭር ገመድ አለ። እሱን ከሪሲቨሩ ወደ ብሉቱዝ ላኪው ሰካሁ። ላኪው መብራት ይፈልጋል፣ ያቺ የዩኤስቢ ቀዳዳ 5 ቮልት ትሰጠዋለች። ዶንግሏን አላውቅም ያለችው ቀዳዳ ላኪውን በደንብ ታበላዋለች። ደግሞ ሌላ ጥቅም አለው። መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ሪሲቨሩም ላኪውም አብረው ይነሳሉ፣ ሄድፎኑ ክፍት ከሆነ ራሱ ፈልጎ ይገናኛል። መብራት በሄደ ቁጥር እኔ ከሥራ እየተደወለልኝ «ሰማያዊው አይበራም» አልባልም።

በቴሌቪዥኑ የኢርፎን ቀዳዳም መሥራት ይቻላል። ቀላሉ እሱ ነው እንዲያውም። ግን እዚያ ስትሰኩ ብዙው ቴሌቪዥን የራሱን ስፒከር ያጠፋል። እማዬ ትሰማለች፣ ሌላው ሰው ዲዳ ፊልም ያያል። እኛ ቤት ደግሞ ድራማ በጋራ ነው የሚታየው፣ በጋራ ነው የሚታማው። በነጭና በቀዩ በኩል ሲሆን ግን ሳሎኑም ይሰማል፣ እሷም ትሰማለች።

ፔር ማድረጉ ላይ የታገልኩት ከስልኬ ጋር ነው። ላኪው ስክሪን የለውም። የሚያገኘውን ዕቃ ስም አያሳይም፣ «የትኛውን?» ብሎም አይጠይቅም። አጠገቡ ፔር ላይ ያገኘውን ይይዛል። ሄድፎኑ ደግሞ ቀድሞ ያወቀውን አይረሳም። ደህና መሆኑን ላየው ብዬ መጀመሪያ ያገናኘሁት ከስልኬ ጋር ነበር። ከዚያ በኋላ በከፈትኩት ቁጥር ወደ ስልኬ ሮጦ ይለጠፋል። ላኪው ብቻውን ያንጸባርቃል። በመጨረሻ የስልኬን ብሉቱዝ አጠፋሁ፣ የሄድፎኑን ቁልፍ ቀይና ሰማያዊ እስኪፈራረቅ ድረስ ያዝኩ፣ ላኪውንም እንደዚያው። ከአንድ ደቂቃ በታች ነው የፈጀው። መብራቶቹ ረግተው ሲቆሙ እልል ልል ምንም አልቀረኝ።

ብሉቱዝ የሚለው ስም የመጣው ሃራልድ ከሚባል የ10ኛው መቶ ዘመን የዴንማርክ ንጉሥ ነው። ቅጽል ስሙ «ሰማያዊ ጥርስ» ነበር። ዴንማርክን አንድ ያደረገ ንጉሥ ስለሚባል፣ ዕቃን ከዕቃ የሚያስታርቅ ቴክኖሎጂም በሱ ተጠራ። እኔ ግን በዚያ ቅዳሜ ንጉሡ ማንንም ማስታረቁን ተጠራጥሬ ነበር።

ሄድፎኑን ጭንቅላቷ ላይ አደረግኩላት። ነጠላዋ ሥር እንዳይያዝ ፀጉሯን ገለል አደረግኩ። አንድ ድራማ እየሄደ ነበር። ዝም አለች። ከዚያ ዓይኗ ፈጠጠ።

«ኧረ! ይቺ ልጅ እንዲህ ነው እንዴ የምትናገረው!»

ስድስት ወር ያየችው ድራማ ነው። ተዋናይዋን በጣም ትጠላት ነበር፣ «ሰውን ትቆጣለች» እያለች። ለካ ልጅቷ እየለመነች ነበር። ድምፅዋ ከፍ ሲል ለእማዬ የሚደርሳት ጩኸቱ ብቻ ነበር፣ «እባክህ» የሚለው አልነበረም። የዚያን ቀን ማታ ያለፈውን ታሪክ በሙሉ እንደገና እያስተካከለች አመሸች። «እንግዲህ ያኔም ጥፋቱ የሱ ነበራ!»

ደስታው እንዳለ ሆኖ ቀጥሎ የሪሞት ጣጣ መጣ። በነጭና ቀዩ የሚወጣው ድምፅ የሪሲቨሩን ቮሊዩም ይከተላል። ስለዚህ ሪሲቨሩን ከፍ አድርጎ መተው ነው፣ የሳሎኑን ድምፅ ደግሞ በቴሌቪዥኑ ሪሞት መቀነስ። እማዬ ራሷ ስትፈልግ ሄድፎኑ ላይ ያለውን ቁልፍ ትጫናለች። በወረቀት ላይ ሲሆን ግልጽ ነው። በተግባር ግን እንግዳ ይመጣና የሪሲቨሩን ሪሞት ይዞ ይቀንሳል፣ እማዬ «ጠፋ!» ብላ ትጮኻለች። ጆሮዋ ስለተሸፈነ የምትጮኸው ደግሞ ከሜዳ ማዶ ላለ ሰው ነው። አሁን የሪሲቨሩን ሪሞት የቮሊዩም ቁልፍ በፕላስተር ሸፍኜዋለሁ። ያምራል አልልም።

ሌላው መዘግየት ነው። ብሉቱዝ ድምፁን እንዳለ አይልክም። መጀመሪያ ይጨምቀዋል፣ በትንንሽ ቁራጭ ይልከዋል፣ ሄድፎኑ ይፈታዋል፣ እንዳይቆራረጥም ጥቂት ያጠራቅማል። በተለመደው አሠራር ይህ ሁሉ የሰከንድ አንድ አምስተኛ ያህል ሊፈጅ ይችላል። አፉ ይከፈታል፣ ቃሉ ኋላ ይመጣል። እኔ ሞክሬው ራሴን አዞረኝ። እማዬ ግን ምንም አላለች። ከቱርክ በአማርኛ የተተረጎመ ድራማ ስታይ ነው የከረመችው፣ አፍና ቃል ተስማምቶ አያውቅም። መዘግየቱ የሚያስቸግራችሁ ከሆነ አፕቴክስ ሎው ሌተንሲ የሚባል አሠራር አለ፣ ወደ 40 ሚሊ ሰከንድ ያወርደዋል። ግን ላኪውም ሄድፎኑም ሊኖራቸው ይገባል፣ አንዱ ብቻ ቢኖረው ዋጋ የለውም። አንዳንድ ቴሌቪዥን ላይ ያለው የድምፅ ማዘግያም አይረዳም። እሱ የሚያዘገየው የቴሌቪዥኑን ድምፅ ነው፣ እናንተ እንዲዘገይላችሁ የምትፈልጉት ደግሞ ምስሉን ነው።

የመቆራረጥ ነገርም ነበር። ዋይፋይ ሳጥኑን ቦታ ለመቆጠብ ሪሲቨሩ ላይ ደርቤው ኖሯል። ዋይፋዩም ብሉቱዙም በ2.4 ጊጋኸርዝ ሞገድ ነው የሚያወሩት። አንዱ ሲያወራ ሌላው ይንተባተባል። ዋይፋዩን ወደ በሩ አሻገርኩት፣ ተሻለ። ማዕድ ቤት ድረስ ሄዳ ወጥ ስታማስልም ይሰማታል። በረንዳ ላይ ስትወጣ ግን ኮንክሪቱ ይቆርጠዋል፣ «ሰውየው መሃል ላይ ዝም አለ» ትለኛለች።

አንድ ቀን ደግሞ አለቃዬ ደወለች። የስልኬን ብሉቱዝ ከፍቼው ረስቻለሁ። ሄድፎኑ ሁለት ዕቃ አንድ ላይ መያዝ የሚችል ዓይነት ነው፣ ይህን ያወቅሁት ያን ዕለት ነው። እኔ ሻወር ቤት ነኝ። እማዬ በዜናው መሃል የስልክ ጥሪ ጆሮዋ ውስጥ ይመጣል። ቁልፉን ስትነካካ ተነሳ። ስወጣ «እግዚአብሔር ይመስገን፣ አንቺስ? ልጆች ደህና ናቸው?» እያለች ለቴሌቪዥኑ ትመልሳለች። ዜና አንባቢዋ ያናገረቻት መስሏት እንዳልነበር እርግጠኛ አይደለሁም። አለቃዬ ሪፖርቱን ሳትጠይቀኝ ሰላምታዋን ጨርሳ ዘጋች። ስልኬን ከሄድፎኑ ትውስታ ያጠፋሁት በዚያው ማታ ነው።

ሪሲቨራችሁ ነጭና ቀይ ቀዳዳ ከሌለው ተስፋ አትቁረጡ። አንዳንዱ ኦፕቲካል የሚባል ባለ ክዳን አራት ማዕዘን ቀዳዳ አለው፣ ሲከፈት ውስጡ ቀይ ብርሃን ይታያል። በሱ የሚሠራ ላኪ አለ። ሰክታችሁ ድምፅ ካልመጣ ሴቲንግ ውስጥ የዲጂታል ድምፁን ዶልቢ ከሚባለው የተጨመቀ ዓይነት ፒሲኤም ወደሚባለው ያልተጨመቀ ቀይሩት። ብዙ ሰው ዕቃው ተበላሽቷል ብሎ የሚመልሰው እዚህች ጋ ነው።

ስለ ቮሊዩም ከወንድሜ ጋር ተጨቃጭቀናል። እሱ «እንደፈለገች ታድርገው» ይላል። እኔ ግን እየፈራሁ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው 80 ዴሲቤል (የድምፅ ጉልበት መለኪያ ነው) በሳምንት ከ40 ሰዓት እንዳይበልጥ ይመክራል። እማዬ 40ውን ሰዓት ሐሙስ ላይ ነው የምትጨርሰው። ለጊዜው የሪሲቨሩን ከፍታ ትንሽ ዝቅ አድርጌ ዝም ብያለሁ፣ አላወቀችም። ጆሮዋን ለማስመርመር ሐኪም ጋ እንሂድ ስላትም «አሁንማ እሰማለሁ» እያለች በሄድፎኑ ትከራከረኛለች።

ያለፈው ሮብ ከሥራ ስመለስ የታች ቤቱ ጋሼ በራችን ላይ ቆመው አገኘኋቸው። ያንኳኳሉ፣ ጆሯቸውን በሩ ላይ ያደርጋሉ፣ ደግመው ያንኳኳሉ።

«እናትሽ ደህና ናቸው?» አሉኝ ገና ሲያዩኝ። «2 ሰዓት አለፈ፣ ዜና የለም። ትናንትም የለም። ስጠራም አይመልሱም።»

በቁልፌ ከፈትኩ። እማዬ ሶፋው ላይ እግሯን ሰብስባ፣ ሄድፎኑ ነጠላዋ ላይ፣ ዜናውን እያየች ራሷን ትነቀንቃለች። ቴሌቪዥኑ ድምፁ ጨርሶ ጠፍቷል። ብቻዋን ስትሆን ለሳሎኑ ምን ያደርግለታል ብላ ነው ለካ። እኛን ስታይ በሙሉ ድምፅዋ «ግቡ ጋሼ! ቡና ላፍላ?» አለች። ሦስቱም ፎቅ ሰማ።

ጋሼ ቡናቸውን ጠጥተው ዜናውን ጨርሰው ወረዱ። እኔ ሲደወል መብራት የሚያበራ የበር ደወል እየፈለግሁ ነው። የት እንደሚሸጥ የምታውቁ ንገሩኝ። እባካችሁ «ሁሉም ላይ ይሠራል» የሚባለውን ግን አይደለም።